ለአባት ያልቀረበው ጥያቄ

ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለክፍል ኃላፊነት በተደረገ የዕድገት ቃለ መጠይቅ ላይ ከመዛኞቹ አንዷ ነበርኩ። ለወንዶቹ ተወዳዳሪዎች የቀረቡት ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ዕቅድ፣ ስለ በጀትና ስለ ሠራተኛ አያያዝ ነበሩ፤ ብቸኛዋ ሴት ተወዳዳሪ ስትገባ ግን ሰብሳቢው፣ «ልጅሽ ገና ትንሽ ነው፤ አምሽቶ መሥራቱን እንዴት ትችይዋለሽ?» ሲሉ ጠየቋት። ከእሷ በፊት የገባው ባልደረባችንም የጨቅላ ልጅ አባት ነው፤ እሱን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀውም። መልሷ ነጥብ እንዳይያዝበት ስቃወም፣ «ለእሷ አስቤ ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ አድልዎ አሳቢነት መስሎ ሲመጣ ተው ባይ አያገኝምና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። ሆኖም ይኸው አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የፈቀደው 3 ቀን ብቻ ነው። እናት ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚያስፈልጋት ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ራሱ የሕፃኑን እንክብካቤ በእሷ ትከሻ ላይ ብቻ ሲጥለው፣ አሠሪው እናትን ብቻ በሥጋት ቢመለከት ሊደንቀን አይገባም።

ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አድርጌያለሁ። ከእንግዲህ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲዘጋጅም ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሉ ደብዳቤ አስገባለሁ።