ድንኳን፣ ካስማና የላንጋኖ ወፎች

አማቴ ዕቅዴን ሲሰሙ «ቤት ያለው ሰው ምን በወጣው ነው ሜዳ ላይ የሚያድረው?» አሉ። ይህን ብለው ግን አልቀሩም፤ ጋቢያቸውንና አንድ ከረጢት በሶ ይዘው ከሁላችንም ቀድመው መኪና ውስጥ ገቡ።

ነገሩን የጀመረው የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች እንዳሉ ስነግረው «እኔ የማውቀው ቁራና እርግብ ብቻ ነው» አለኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ ልጅ ሌላውን ከየት ያምጣው? ጊዜውን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ዕረፍት ጥር መጨረሻ ገደማ ነው፤ ዝናብ የለም፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም ገና እዚሁ ናቸው።

የተሳሳትኩት ቦታ ስመርጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላና ሐዋሳ ለሦስት ቀን ተደርድረዋል። ሚስቴ አንብባ «የምናየው ወፍ ነው ወይስ አስፋልት?» አለችና ሐዋሳን ሰረዘች። ሻላንም አብራ ብትሰርዘው ጥሩ ነበር።

በሞጆ–ባቱ ፈጣን መንገድ ተጉዘን ከምሳ በፊት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ደረስን። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ይበልታሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን አቀርቅረው፣ እንደ ዕድር ሽማግሌ በዝምታ ቆመው ይጠብቃሉ። አንጀት ሲወረወር ግን ሽምግልናው ይቀራል። የስድስት ዓመቷ ልጄ በቁመት የሚበልጧትን ወፎች ስታይ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጥታ ትቆጥራቸው ጀመር። ልጅን ወፍ ማየት ለማስጀመር ትልቅ፣ ቅርብና ሰው የማይሸሽ ወፍ የሚያህል የለም፤ የሩቅ ማያ መነጽርም አያስፈልግም።

ላንጋኖ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፤ ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ልጆቹ ወዲያው ገቡበት። እኔ ድንኳን መትከል ያዝኩ። ያከራየኝ ሰው «ሁሉም ነገር ውስጡ አለ» ብሎኝ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ዘርግቼ አላየሁትም። ገመዱ አሥራ ሁለት ካስማ ይፈልጋል፤ ከከረጢቱ የወጣው አምስት ነው። ከሐይቁ የተነሣው ነፋስ ሸራውን እንደ ነጠላ ያራግበዋል፤ አሸዋው ደግሞ ያለውንም ካስማ አልይዝ አለ። አማቴ ጥቂት አዩኝና «ፌስታሉን አሸዋ ሙላው፤ ገመዱን እሱ ላይ እሰርና ቅበረው» አሉ። ሰባት ፌስታል ቀበርን። ሌሊቱን ሙሉ ነፈሰ፤ ድንኳኑ ንቅንቅ አላለም።

ድንኳን ውስጥ ያደረ ልጅ ከንጋት በኋላ አይተኛም። ቤት ቢሆን ያበሳጨኝ ነበር፤ እዚያ ግን ወፍ ለማየት የሚበጀው ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። አጠገባችን ካለው ሾላ ላይ ፍሬ ይረግፋል፤ የሚያረግፈው ግን አይታይም። ልጄ አንጋጦ ቆየና «ቅጠሉ እየበላ ነው» አለ። ቅጠል የመሰሉት ትናንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ነበሩ። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሲበሩ ከክንፋቸው ሥር ያለው ጥቁር ይገለጣል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር አይገኙም። እኔ የወፍ መጽሐፍ ስገላልጥ አማቴ ቡናቸውን ይዘው፣ ዞር ሳይሉ በድምፅ ብቻ «ይቺ ቆቅ ናት፤ ያቺ ደግሞ ዋኔ» ይላሉ። ገጠር አድገው አርባ ዓመት ከተማ ኖረዋል፤ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

በዚያው መቀመጥ ሲገባን ዕቅድ ዕቅድ ነው ብዬ አራት ሰዓት ላይ ወደ አብያታ ነዳሁ። ሐይቁ ከድሮ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ፍላሚንጎዎቹ በሙቀቱ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሮዝ መስመር ናቸው። መነጽራችን አንድ፣ ልጆቹ ሁለት፤ ጠቡን መገመት አያቅትም። በመኪና ልጠጋ ስል አብሮን የነበረው ጠባቂ ከለከለኝ፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ሥሩ ማጥ ነው። በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፈሉ የነበሩት ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አብያታ ነበር። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ለመስኖ፣ የራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚሆን ኬሚካል) ሲወሰድ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፣ ፔሊካኖቹም ሄዱ። ልጄ «ታዲያ ለምን መጣን?» አለኝ። ሻላን የሰረዝኩት እዚያው ቆሜ ነው። የመጨረሻውን ጠዋት ሾላው ሥር ዋልን፤ ደብተራችን ላይ ሃያ ሦስት ወፍ ሰፈረ፣ ዘጠኙ በአማቴ ስም አወጣጥ።

አዲስ አበባ ገብቼ ድንኳኑን ስመልስ ባለቤቱ ካስማዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረና ሰባት ጎድሏል አለኝ።