ለገና፣ ከሐዋሳ፣ ለፊልም ወዳጆቼ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን።

የገና ዋዜማ ነው። ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። በጉ ማንጎው ሥር ታስሯል። የደረሰበትን ቅጠል ሁሉ ጨርሶ አሁን የጫማዬን ማሰሪያ እያየ ነው። ሐዋሳ ከታኅሣሥ 19 ወዲህ ትንሽ ተንፍሳለች። ለገብርኤል የመጣው ሕዝብ ወደየአገሩ ተመልሷል፤ አስፋልቱም እንደገና የባጃጅ ሆኗል። አልጋ ያጣ እንግዳ ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ያደረበት ሳምንት አልፎ ተራው የራሳችን ሽር ጉድ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው የጠዋት ንፋስ ግን አሁንም ጋቢ ያስለብሳል።

በየዓመቱ በዚህ ቀን የሻማ ሥዕል ለጥፌ «መልካም በዓል» ብዬ እገላገል ነበር። ዘንድሮ ሥዕሉ ይቅር። ስለ ቅዳሜዎቻችን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት ጋ እንሰበሰባለን። «ማዘር» ነው የምንላት። አምስት ስድስት ሰው እንሆናለን። የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ የሒሳብ መምህርት አለች፣ ተረኛ ካልሆነች ደግሞ አንዲት ነርስ ትመጣለች። ከዚያ እኔ። ከዚያ ቡናውን ጠጥቶ ምንም ሳይናገር የሚሄድ አንድ ሰውዬ። ማን እንደጋበዘው እስካሁን አልታወቀም። የምናወራው በሳምንቱ ስላየነው ፊልም ነው። ሌላ ወሬ ክልክል ሆኖ አይደለም። ባለፈው ወር በጾሙ ምክንያት «ዓሣ ይበላል አይበላም» የሚለው የሐዋሳ የዘወትር ክርክር ተነስቶ ነበር፤ እሱም ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ወደ ፊልም ዞረ።

በፊት የእኛ አስተያየት ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። «አሪፍ ነው» እና «ይደብራል»። አንዱ አሪፍ ነው ይላል። ሌላው ይደብራል ይላል። ድምፅ ከፍ ከፍ ይላል። ከዚያ አንዱ «አንተ ድሮም ፊልም አይገባህም» ብሎ ይዘጋዋል። ይኼ ሁሉ ሲሆን ስለ ፊልሙ ማንም አንዲት ነገር አልተናገረም። የተወራው ስለ ራሳችን ነበር።

ያዳነችን ማዘር ናት። አንድ ቀን ሲኒ እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «የቱ ጋ?» አለች።

«ምኑ?»

«የደበረህ። የቱ ጋ ነው የደበረህ?»

ዝም አልን። አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው አስተያየቱን ወርውሮ ዘወር ማለት አይችልም። ጀበናው ሳይወርድ «የቱ ጋ?» ትመጣለች።

ይህች ጥያቄ ምን እንደምትሠራ በደንብ የገባኝ ኅዳር ላይ «ጤዛ»ን ስናወራ ነው። የኃይሌ ገሪማን። መምህርቷ ሽልማቱን ሁሉ ቆጥራ መጣች። በ2008፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት። በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልሞች ትልቁ ሽልማት። ቆጥራ ስትጨርስ የባጃጅ ሹፌሩ «ይደብራል። እኔ ተኝቻለሁ» አለ።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው ነው። የደርግ ዘመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ብዙ ነገር ከአእምሮው ጠፍቶ፣ እናቱ ወዳሉበት የገጠር መንደር ይመለሳል። ታሪኩ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ከመንደር ጀርመን፣ ከጀርመን አዲስ አበባ፣ ተመልሶ መንደር። ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። በመንደሩ ወጣቶቹ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

«የቱ ጋ ተኛህ?» አለች ማዘር።

«ሲዘላልል ግራ ገባኝ።»

አቦሉ ላይ ያለው ይህን ነው። ማዘር ዝም ብላ ቶናውን ቀዳች። ሌሎቻችን ስለ አቆራረጡ ማውራት ጀመርን። የሰውዬው አእምሮ የተበታተነ ስለሆነ ፊልሙም የተበታተነው ለዚያ ነው አልኩ እኔ፤ ትንሽ የተማረ ለመምሰል። ሹፌሩ አልሰማኝም። ሲኒውን እያዞረ ነበር። በረካው ላይ ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀው «ዋሻው ጋ ነው» አለ።

አባቱ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። አፈሳ መጣ ሲባል ጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ፣ ሦስት ሌሊት አድረዋል። አያቱ ጨለማን ተገን አድርገው ቆጮ ያቀብሏቸው ነበር። አባትየው ተረፉ። አጎቱ ግን ተያዙ። አልተመለሱም። ቤታቸው ውስጥ ይህ ነገር አይነሳም። ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሹፌራችን ዓይኑን ጨፈነ። እንደጨፈነ እንቅልፍ ወሰደው።

ደብሮት አልነበረም ማለት ነው። እኔ ግን ስለ አቆራረጥ እያስተማርኩት ነበር! ዝምተኛው ሰውዬ የሁላችንንም ሒሳብ ከፍሎ ተነሳ። ያኔም አልተናገረም።

ሁልጊዜ እንዲህ ልብ የሚነካ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። አብዛኛውን ጊዜ እንስቃለን። በተለይ አማርኛ ፊልም ላይ ዱላችን ይበረታል። ፀጉር አስተካካዩ ለምሳሌ ታሪክ አያይም፤ ፀጉር ነው የሚያየው። «ሰውዬው በሩን ሲከፍት ፀጉሩ ሁለት ሳምንት የሞላው ነው። ሳሎን ሲገባ ዛሬ የተቆረጠ» ይላል። መጀመሪያ ሳቅንበት። በኋላ ስናጣራ ልክ ነው። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ቪላው ለጥቂት ቀን ነው የሚከራየው፤ ስለዚህ ቪላው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም፣ በአንድ ላይ ይቀረጻል። የበሩ ውጭ ሌላ ሳምንት፣ ምናልባትም ሌላ ቤት ነው። በመሐል ተዋናዩ ፀጉር ቤት ጎራ ካለና ልብ ብሎ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ጉዱ የሚወጣው ሐዋሳ ላይ፣ በእኛ ፀጉር አስተካካይ ነው።

እማዬ ደግሞ የሚያናድዳት ሌላ ነው። ቅዳሜ አትመጣም፤ አስተያየቷን በእኔ በኩል ነው የምትልከው። በቀደም አንድ ፊልም ላይ ሙሽራዋ አማቷን ለማስደሰት ዶሮ ወጥ ልትሠራ ወጥ ቤት ገባች። ነጭ ልብስ ለብሳለች። ሁለት ሽንኩርት ከተፈች። ሙዚቃ ተሰማ። ሙዚቃው ሲያበቃ ዶሮው ቀርቧል፣ እንቁላሉም ተደርድሯል፣ ነጩ ልብስም ነጭ እንደሆነ ነው። እማዬ ሪሞቱን አንስታ አጠፋችው። «ሽንኩርት በሁለት ራስ! አሥራ ሁለቱ ብልት በምን ሊዋጥ ነው?» አለች። ለዛሬ ዶሮ ከትናንት ጀምሮ ሽንኩርት የምታቁላላ ሴት ናት። እውነቷን ነው። ዳይሬክተሩ ቤቱን፣ መኪናውን፣ መጋረጃውን ተጨንቆበታል። እጅ ግን አላየም። የሥራ እጅ።

የውጭ ተከታታይ ድራማ ላይ ብዙ አልቆይም። ቃና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የቱርኩ ሁሉ አማርኛ ይናገራል፤ ማዘርም ሁሉንም በድምፅ ለይታ ታውቃለች። «ይኼ ሰውዬ በዚያኛው ድራማ ፖሊስ ነበር» ትላለች። ፊቱን አይደለም፤ ድምፁን ነው የምትለው። እንዲህ ዓይነት ጆሮ የለኝም።

አሁን ወደ አንድ የከበደኝ ነገር ልምጣ። በበዓል ዋዜማ ይቅርታ መጠየቅ ደንብ ነውና።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የከተማችን ወጣት አጭር ፊልም ሠርቶ ላከልኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። እዚሁ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ነው የቀረጸው። እኔ ስልኬ ላይ ፍጥነቱን ጨምሬ፣ ምሳ እየበላሁ አየሁት። አየሁት ከተባለ። ከዚያ እዚሁ ገጼ ላይ «የተማሪ ሥራ ነው፣ ገና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። እኔም ደስ አለኝ።

ልጁ አልተሳደበም። በውስጥ መስመር አንዲት ነገር ብቻ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው ገና የሆነብዎት? ላስተካክለው።» ማዘርን አያውቃትም እኮ። ስልኬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የቱ ጋ ብዬ ልንገረው? ያየሁት ሽሮዬን ነው።

ማታ ደግሜ አየሁት። በትክክለኛው ፍጥነት፣ በጆሮ ማዳመጫ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲጠግኑ ካሜራው ጣታቸው ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ምንም አይባልም። ጣት ብቻ ነው። እማዬ ብታየው እንደማታጠፋው ታወቀኝ። ችግሩ የነበረው ድምፁ ላይ ነው። የሐይቁ ንፋስ መቅረጫው ላይ እየነፋ ሁለት ቦታ ላይ የሽማግሌውን ንግግር ይበላዋል። አራተኛው ደቂቃና ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ። ይህን ጻፍኩለት። «አውቃለሁ» አለኝ። «ለመቅረጫው የንፋስ መከላከያ አልነበረንም። የእህቴን ሹራብ እጅጌ ቆርጠን ነው ያለበስነው።»

በሐዋሳ ንፋስ ላይ የሹራብ እጅጌ! ያንን የመሰለ ሥራ ነው በሽሮ ያለፍኩት። ወንድሜ፣ ስምህን እንዳልጠራ ስለነገርከኝ አልጠራም። ያሳቅኩት ሰው ባለበት ቦታ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ለእህትህም ሹራብ አለብኝ።

ይቺን ስጽፍ አባቴ በሕይወት ሳለ ስለ ገና ጨዋታ የሚያወራው ትዝ ይለኛል። እኔ ሐዋሳ ላይ ሲጫወቱት ብዙም አላየሁም፤ የእሱ የልጅነት አገር ጨዋታ ነው። ሁለት ቡድን፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ አንዲት ሩር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። ያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢገፋው፣ ቢሰድበው ቂም የለም። አባቴ ግን ሁልጊዜ ሱሪውን ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለ ጠባሳ ያሳየን ነበር። «ሩሯን ስቶ እግሬን ያገኘ ሰው ምልክት ነው» ይላል። ሰውየውን በስም ያስታውሰዋል። ጨዋታው ማን እንዳሸነፈ ግን ረስቶታል።

እኔም ዘንድሮ ሩሯን ስቼ የሰው እግር ካገኘሁ፣ ያው የገና ሰሞን ነውና አትቆጡኝ። እናንተም የሳታችሁ ካላችሁ ከእኔ ዘንድ ቂም የለም። ባለፈው የምወደውን ፊልም «ቆሻሻ» ያልከኝ የአዳማው ወዳጄ ግን አንድ ነገር ቀርቶሃል። የቱ ጋ?

ከአገር ርቃችሁ በብርድ የምታከብሩ፣ ነገ ተረኛ የሆናችሁ (ነርሳችን አንዷ ናት፤ ዶሮው ይላክላታል)፣ ገና በዓላችሁ ባይሆንም ከእኛ ጋር ቁርስ ለመብላት የምትመጡ ጎረቤቶች፣ ሁላችሁንም መልካም በዓል ያድርግላችሁ። ከበዓሉ በኋላ ያያችሁትን ጻፉልኝ።

ልጨርስ ስል በጉ ጮኸ። ስለ እሱ አንድ የቀረ ነገር አለ።

ባለፈው እሑድ ከእማዬ ጋር የያሬድ ዘለቀን ፊልም አየን። በውጭ አገር «ላምብ» በሚል ስም ይታወቃል። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ያየነው በፍላሽ ተጭኖልን ነው፤ ከአንድ ሱቅ። ይህም ኃጢአት ነው፣ ዛሬ ግን አንዱን ተናዝዣለሁ፣ ሌላው ይደር። ታሪኩ ስለ ኤፍሬም ነው። እናቱ የሞቱበት ልጅ ነው፤ አባቱ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ያለው ነገር ጩኒ የምትባል በግ ብቻ ናት። ልጁ ምግብ ማብሰል ይችልበታል፤ ሳምቡሳ ሠርቶ ይሸጣል። አጎትየው ወንድ ልጅ ወጥ ቤት መግባቱ ያናድዳቸዋል። ጭራሽ ለመጪው በዓል በጓ ትታረዳለች ብለው ወሰኑ።

እማዬ ሪሞቱን አልነካችም። ልጁ ሲያበስል ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ «እጁን እየው፣ ይችላል» አለች። ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ልክ የበጓ ነገር ሊለይ ሲል መብራት ሄደ። በማግሥቱ ፍላሹን ለሹፌሩ ሰጠሁት።

እኔ ፊልሙን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። እማዬም ታውቃለች። ከእሑድ ጀምሮ ሽንኩርት እየላጠች «ታዲያ ታረደች?» ትለኛለች። አልነግራትም። መጨረሻ መንገር በእኛ ቡና ላይ ያስቀጣል።

አሁን ከወጥ ቤት ወጥታ ለበጋችን ውኃ ይዛለት መጣች። ጎንበስ ብላ በጆሮው የሆነ ነገር አለችው። ጩኒ ያለችው መሰለኝ። ነገ ጠዋት ቢላዋውን ስሎ የሚመጣው ጎረቤታችን ይህን አልሰማም።