ከፊርማው ማግስት

የሰላም ስምምነት ዜና ሲመጣ የሚታየው ምስል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ረጅም ጠረጴዛ፣ የተደረደሩ ባንዲራዎች፣ የተጨባበጡ ሁለት ሰዎች፣ ከጀርባቸው የሚያጨበጭቡ አሸማጋዮች። ለጭብጨባ የሚሰስት አገር የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጠመንጃውን ያስረከበው ወታደር በማግስቱ ምን ይበላል የሚለው ነው።

ሰሞኑን ስለ አንጎላና ስለ ሞዛምቢክ እያነበብኩ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም በ1975 ከፖርቱጋል ነጻ ወጡ፤ ሁለቱም በእርስ በርስ ጦርነት ደቀቁ። አንጎላ በ1991 ስምምነት ስትፈራረም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የላከላት ጥቂት መቶ ያልታጠቁ ወታደራዊ ታዛቢዎችን ነበር። ሠራዊቶቹ በቅጡ ሳይበተኑ በሴፕቴምበር 1992 ምርጫ ተደረገ። ዩኒታ የተባለው የአማፂ ቡድን መሪ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም አለ፤ ጦሩ በእጁ ስለነበር ጫካ ለመመለስ አልተቸገረም። ጦርነቱ እስከ 2002 ቀጠለ።

ሞዛምቢኮች ሮም ላይ የፈረሙት አንጎላ በመረጠችበት በዚያው በ1992፣ በኦክቶበር ነው። ለዚህ ያበቋቸው ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው የካቶሊክ ምእመናን ማኅበርና የጣሊያን መንግሥት ናቸው። የአንጎላው ውድቀት ገና ትኩስ ስለነበር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ላከ፤ መጀመሪያ ትጥቅ ማስፈታት፣ ከዚያ ምርጫ ተባለ። ለ1993 ታስቦ የነበረው ምርጫም ወደ ኦክቶበር 1994 ተገፋ። ወታደሮቹ በየካምፑ ተሰብስበው ተመዘገቡ፣ መሣሪያቸውን አስረከቡ። ከዚያ ወደየቀያቸው ተሸኙ፤ ለጋሾች ባዋጡት ገንዘብም ለ18 ወራት የሚቆይ ድጎማ በአቅራቢያቸው ካለ ባንክ እንዲቀበሉ ተደረገ። ሁሉም በሰላም አልሄደም፤ ሥራው ሲጓተት ትዕግሥታቸው ያለቀ ወታደሮች በየካምፑ አምፀዋል። ዜና የማይሆነው፣ ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ግን ይኸው ነው።

የሚጎመዝዘኝም አለ። የሞዛምቢክን መንግሥት ሲወጋ የኖረው ሬናሞ ከአማፂነት ወደ ፓርቲነት እንዲለወጥ ለብቻው የእርዳታ ፈንድ ተቋቁሞለት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያዋጣችው ጣሊያን ናት። መንደር ሲያቃጥል ለኖረ ቡድን ቢሮና ደመወዝ! ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ቢሆንም የአንጎላን አሥር ዓመት ሳስበው፣ እኔ ብሆን ገንዘቡን እከፍል ነበር። ፍትሕ ነው አልልም። ከሌላ አሥር ዓመት ጦርነት ግን ይረክሳል።

ሞዛምቢክም ቢሆን እንከን አላጣችም። ሬናሞ ታጣቂዎቹን ሁሉ አልበተነም ነበርና በ2013 ውጊያው አገረሸ፤ በ2019 እንደገና ሌላ ስምምነት ተፈረመ። የመጨረሻው የሬናሞ የጦር ሰፈር የተዘጋው በ2023 ነው። የሮሙ ፊርማ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እስከ መጨረሻው ካከራከሯቸው ነገሮች አንዱም የተበተኑት ታጣቂዎች ጡረታ ነበር።