ቀላ ያለው ፈሳሽ

በአንድ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በረዳት ተመራማሪነት ሥራ የጀመርሁ ሰሞን፣ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ የተባለው የበግና የፍየል የጨጓራ ትል ራሱን ከመርዝ የሚከላከልበትን ኢንዛይም እንድለካ ተመደብሁ። ይህ ትል በአራተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ደም እየመጠጠ ይኖራል፤ አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ስለሚያሳጣ፣ 5000 ትል የተሸከመ በግ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ያጣል።

ይሁንና ደም ለትሉ ምግብ ብቻ አይደለም። ሄሞግሎቢን ሲፈጭ የሚለቀቀው ብረት አዘል ሄም ልቅ ሆኖ ከተከማቸ የሕዋስ ሽፋንን ይጎዳል። ግሉታታዮን ኤስ ትራንስፈሬዝ የተባለው የትሉ ኢንዛይም ሄምን መያዝ ስለሚችል፣ ይህን ጉዳት በመከላከል ረገድ ድርሻ እንዳለው ይታሰባል። እኔም የምለካው እርሱን ነበር።

ከቄራ ያመጣኋቸውን ትሎች በቀዝቃዛ የጨው ውኃ አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቄ ፈጨኋቸው፤ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሬም ከላይ የጠለለውን ፈሳሽ በ340 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ለካሁ። ውጤቱ ከጠበቅሁት እጅግ የላቀ ሆነ። ሦስት ጊዜ ብደግመው ሦስቱም ተቀራረቡ፤ ይበልጥ ያሳሳተኝም ይኸው መቀራረባቸው ነው። ሪፖርቱን ጽፌ ልጨርስ ስል፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሻን ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይህን ምን አቀላው?»

«ትሉ ራሱ ቀይ አይደል፣ ጋሼ?»

«ቀዩ የበላው ነው እንጂ ትሉ አይደለም። የበጉን ደም ለብቻው ለክተሃል?»

አልለካሁም ነበር። የሴቷ ትል ነጭ ማኅፀን በደም በተሞላው አንጀቷ ላይ ተጠምጥሞ ቀይና ነጭ ገመድ እንደሚያስመስላት ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያ ቀይ መስመር የበግ ደም መሆኑን ግን ከሥራዬ ጋር አላገናኘሁትም። የበግ ቀይ የደም ሕዋስም የዚሁ ቤተሰብ ኢንዛይም አለው። ለማነጻጸሪያ ያዘጋጀሁት፣ የትል ጭማቂ የሌለበት ቱቦ ኬሚካሎቹ በራሳቸው የሚያሳዩትን ለውጥ ብቻ እንጂ የበጉን ድርሻ አይቀንስልኝም። ይባስ ብሎ ሄም ራሱ የኢንዛይሙን ሥራ ሊያግድ ስለሚችል፣ ስሕተቴ ቁጥሩን በስንት እንዳዛባው ገምቼ ላርመው አልችልም ነበር፤ ያለኝ ምርጫ እንደገና መሥራት ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዙር ትሎቹን በሕይወት እያሉ ሞቅ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ለሰዓታት አቆይቼ፣ ፈሳሹንም ደጋግሜ እየለወጥሁ፣ አንጀታቸው የያዘውን ደም በተቻለ መጠን እንዲያራግፉ አደረግሁ። በጎን የዚያኑ በግ ደም ለካሁ፤ ትሎቹ ተፈጭተው በወጣው ጭማቂ ውስጥ የቀረውንም ሄሞግሎቢን መዘገብሁ። ንባቡ በጣም ወረደ፤ ነገር ግን ዜሮ አልሆነም፤ የቀረው የትሉ ነበር።

ሪፖርቱ ዘግይቶ ቀረበ፤ የመዘግየቱም ምክንያት የእኔ ስሕተት መሆኑን በሽፋን ደብዳቤው ላይ ጻፍሁ። ጋሼ አንብበውት ምንም አላሉም፤ በማግስቱ ግን በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ በማስመሪያ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስምረው፣ ከአናቱ «የበጉ ደም» ብለው ጽፈውበት አገኘሁ።