ናሳው፦ የዶክተር ዶሪስ ጆንሰንን ዱካ ፍለጋ

ባሃማስ የገባሁት የነቢያት ጾም በተያዘበት ዕለት ነው። ከዋሽንግተን ማያሚ፣ ከማያሚ ወደ ዋና ከተማዋ ናሳው። ስለ በረራው የምለው የለኝም። ከአየር ማረፊያው ያመጣኝ ባለታክሲ ግን ስልሳ ዶላር ተቀበለኝ፤ ያረፍኩበት ሆቴል ዘበኛ ስንት እንደከፈልኩ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ክፍሌም የባሰ ነበር። ማቀዝቀዣው ሲከፈት እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ሲዘጋ ቢንቢው ይወርዳል። በብስጭት ስገላበጥ ነጋ።

የሄድኩት ለባሕሩ አልነበረም። ሥራዬ ከስደተኛ ሴቶች ጋር ነው፤ የምውለውም በልደት የምስክር ወረቀትና በዜግነት ጉዳይ ነው። በዚሁ ሥራ ስለ ባሃማስ ሕግ ሳነብ ለአገሪቱ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉትን የዶክተር ዶሪስ ጆንሰንን ስም አገኘሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከአእምሮዬ አልወጡም።

አርብ ጠዋት ጂትኒ ያዝኩ፤ ሂሳቡ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም። ጂትኒ እንደ እኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ረዳት ግን የለውም። «ወራጅ አለ» በማለት ፈንታ «ባስ ስቶፕ!» ይባላል፤ የሚከፈለውም ሲወረድ ለሾፌሩ ነው። የሚገባ ሰው ሁሉ ለተሳፋሪው ደህና አደራችሁ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ዋሽንግተን ባቡር ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ስመላለስ እንዲህ ያለ ሰላምታ አልሰማሁም። አዲስ አበባ ያለሁ መሰለኝ።

የፓርላማው አደባባይ ቤይ ጎዳና ላይ ነው፤ ሕንጻዎቹ ጽጌረዳ ቀለም የተቀቡ፣ ፊት ለፊታቸው ንግሥት ቪክቶሪያ በእብነ በረድ የተቀመጡበት። አገሪቱ ስንት ዘመን ንግሥት ስትገዛት ኖራ፣ የአገሬው ሴት ግን የመምረጥ መብት አልነበራትም። ሜሪ ኢንግራሃም የሚባሉ ሴት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ እነ ጆርጂያና ሲሞኔትና ዩጂንያ ሎክሃርት ተከተሏቸው። ዶሪስ ጆንሰን አስተማሪ ነበሩ፤ በኋላም ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1959 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሴቶቹን ወክለው ለሕዝብ እንደራሴዎች ለመናገር ጠየቁ። በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አባል ያልሆነ አይናገርም ተባለ። እንደራሴዎቹ ወደ ፍርድ ቤት ክፍል ሄደው ነው የሰሟቸው። ይህን ሳነብ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ቦታው ላይ ስቆም ግን የታሰበኝ የእሳቸው ትዕግሥት ነው።

ሴቶች እንዲመርጡ የሚፈቅደው ሕግ በ1961 ወጣ፤ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት ኅዳር 1962 ነው። ዶክተር ዶሪስ በዚያው ምርጫ ተወዳድረው ተሸነፉ። እንደኔ የሕይወታቸው ትልቁ ክፍል ከዚህ ሽንፈት በኋላ ያለው ነው። ወደ ሴኔት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ሚኒስትር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሕዝብ ድምፅ ግን አንድም ቀን አልተመረጡም። ለምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴት ጃኔት ቦስትዊክ የገቡት በ1982 ነው፤ ዶክተር ዶሪስ በዓመቱ አረፉ። የእኛ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 ተመርጠው ፓርላማ መግባታቸውን አስቤ ኩራት ተሰማኝ።

ከአደባባዩ ጀርባ ስምንት ማዕዘን ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ድሮ እስር ቤት ነበር። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በእስረኞቹ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነው። አንዷ ውስጥ ቆሜ እጄን ስዘረጋ ግድግዳውን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

«የንግሥቲቱ ደረጃ» የሚባለውን የድንጋይ መወጣጫ ወጥቼ ወረድኩ። ከዚያ የጾም ምግብ ፍለጋ ተንከራተትኩ። ኮንክ የሚሉትን የባሕር ቀንድ አውጣ አልበላም፤ ሩዝና አተሩ ውስጥ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። ራቤ ሲጠና የደረሱልኝ አንዲት የሰሌን ቦርሳ የሚሸጡ እናት ናቸው። ጾም ላይ መሆኔን ስነግራቸው ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ከራሳቸው የምሳ ዕቃ የተጠበሰ ፕላንቴን፣ ሙዝ መሳይ ፍሬ፣ አውጥተው ሰጡኝ፤ «ብይ፣ ቤቢ» አሉኝ። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ሲሠሩ አየሁ። የደረቀ የዘንባባ ዝንጣፊ በጥፍራቸው ይሰነጥቁና ሳያዩ ይጎነጉኑታል። የእናቴ ስፌት ትዝ አለኝ፤ አክርማው፣ ወስፌው። እኚህ ሴት ወስፌ የላቸውም፣ ሁሉ በጣት ነው።

ዶክተር ዶሪስን ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እናታቸው በ1962 የክት ልብሳቸውን ለብሰው ለምርጫ ሲሄዱ ያስታውሳሉ። ከዚያ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ። ወንዱ ልጃቸው ፍሎሪዳ ውስጥ አሜሪካዊት አግብቶ ወለደ፤ ልጆቹ ሲወለዱ ጀምሮ ባሃማሳዊ ናቸው። ሴቷ ልጃቸው ጃማይካዊ አግብታ ኪንግስተን ወለደች፤ የእሷ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ለዜግነት ማመልከት አይችልም። ከአንድ ማህፀን የወጡ እህትና ወንድም! ሕገ መንግሥቱ ነው እንዲህ ያለው። በ2002ም በ2016ም ሕዝቡ ይለወጥ ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ ሁለቱንም ጊዜ አይለወጥ አለ። የእኛ የ1930ው የዜግነት ሕግ እንኳ፣ የውጭ ሰው ያገባችን ሴት ዜግነት ቢነጥቅም፣ አባት ወይም እናት ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ለሥራ እንደማነበው ሕግ ላየው አልቻልኩም።

«በ2016 እኔ ይለወጥ አልኩ» አሉ። «እህቴ ግን አይለወጥ አለች። ባዕድ ይሞላናል ብለው አስፈራሯት። ለሦስት ወር አልተነጋገርንም።»

«አሁንስ?»

«እህቴ አይደለች?»

በሃያ ሁለት ዶላር አንድ ቦርሳ ገዛሁ። ሳልከራከር ነው የከፈልኩት። ስነሳ የልጅ ልጃቸው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዐሥራ አንድ» አሉ። ዘንባባውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የቀረውን በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ አምስት፣ ከሌላው እጅ ደግሞ ሁለት። ከዚያ ጉንጉናቸውን አነሱ።