ከቃሊቲ የወጣ ብላሽ

ሥራው ሲመጣ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ። ለአንድ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል በቴምብር መልክ የተዘጋጀ መታሰቢያ ነው፤ ፖስታ ላይ የሚለጠፍ ሳይሆን ለእንግዳ የሚታደል። መሀሉ ላይ ቡኒ አንበሳ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ፍሬም። እኔ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ማሽኒስት ነኝ፤ ቴምብር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰበስባለሁ። እንጀራዬና ፍቅሬ በአንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ያለን ጂቲኦ የሚባል ባለ አንድ ቀለም ማተሚያ ማሽን ነው። አረንጓዴውን እናትማለን፣ ሮለሩን እናጥባለን፣ ከዚያ ቡኒውን በሁለተኛ ዙር እንመታለን። ክረምት ስለነበር ወረቀቱ አዳሩን እርጥበት ስቦ ተለጥጧል። ጠዋት ሬጅስተሩ፣ ማለትም የሁለቱ ቀለሞች መገጣጠም፣ አልይዝ አለ። ወረቀቱን ነክሶ በሚይዘው በግሪፐሩ በኩል ሲገጥም በታች በኩል ይሸሻል፤ የጎን መጠጊያውን ነካ ሳደርገው አንበሳው ፍሬሙን ጥሶ ይወጣል። ማስተካከያ ላይ ደግሞ አዲስ ወረቀት አናባክንም፤ አንዴ የተመታበትን መልሰን መላልሰን እናስገባለን። ሬጅስተሩ እስኪይዝ ድረስ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ወረቀት አንበሳ በአንበሳ ላይ የተደራረበበት፣ ዘውዱ ጽሑፉ ላይ የወጣበት ነበር።

ሥራውን ያመጣው ሰው አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር ይነግዳል። ክምሩን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«እህቴ፣ እነዚህን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?»

«ይቆረጣሉ።»

«አትቁረጪያቸው፤ እኔ እወስዳቸዋለሁ። እንዲያውም ትንሽ ወዲህ ወዲያ አድርገሽ ጨምሪልኝ። ጥቂቱን ደግሞ አንበሳውን ገልብጠሽ ምቺልኝ። ለድካምሽ አልጨክንብሽም።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። አላደርገውም አልኩት። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስካሁን የሚከነክነኝን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ሰብሳቢ ነሽ አሉኝ፤ ስለዚህ ታውቂዋለሽ። ያ የአሜሪካው የተገለበጠ አውሮፕላን፣ በሚሊዮን የሚሸጠው፣ እሱስ ብላሽ አይደለም?»

ነው። ብላሽ ነው። ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1918 የታተመ የ24 ሳንቲም የአየር መልእክት ቴምብር ነው። እንደኛው ሥራ ባለ ሁለት ቀለም ነበር፤ ፍሬሙ በአንድ ዙር፣ አውሮፕላኑ በሌላ ዙር። በአንዱ ዙር ወረቀቱ ዞሮ ገባ፣ አውሮፕላኑ ተገለበጠ። ዊሊያም ሮቢ የሚባል ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ፖስታ ቤት ሄዶ መቶ ቴምብር ያለበትን ሉህ በ24 ዶላር ገዛ። በመስኮት፣ በመደበኛ ዋጋው።

«ልዩነቱ እዚያ ነው» አልኩት። «አታሚው በትክክል ሊያትም ነው የቆመው። መርማሪው ብላሽ ሊያስቀር ነው የተቀመጠው። ይሄ ሁሉ ዓይን ሳያየው አልፎ፣ በመስኮት ቴምብር ሊገዛ የመጣ ሰው እጅ የገባ ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ማምለጥ ነው። አንተ የምትለኝ ግን በሩን ከፍቼ እንድሸኘው ነው።»

«ገዢው በምን ያውቃል?» አለኝ።

ይህቺ አነጋገር ናት ያበገነችኝ። የእኛን አገር ቴምብር የጎዳው ይኸው ሐሳብ ነው። የመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በ1901 «ኢትዮጵያ» የሚል በፈረንሳይኛ፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት» የሚል ማኅተም ላያቸው ላይ ተመታ፤ በእጅ። በእጅ የሚመታ ነገር ይዘማል፣ ይገለበጣል፣ አንዳንዴም ሁለቴ ያርፋል። እኔ እነዚያን ዘማማዎች ሳይ ቴምብሩን ከፊቱ ከምሮ ማኅተሙን የሚያሳርፈው ሰው ይታየኛል። እጁ ዝሎ ይሆናል፣ መሽቶበት ይሆናል። ነገር ግን በእጅ የሚመታ ማኅተም ማስመሰል ቀላል ስለሆነ አስመሳዮቹ በዙ። ዛሬ የተገለበጠ «ቦስታ» ያገኘ ሰው ከመደሰቱ በፊት መጠራጠር አለበት። ደስታውን አስቀድመው ወስደውበታል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ። ጋሼ ከቢሮአቸው ወጥተው ክምሩን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ከፍሎበታል። ስጪው፣ ይሂድ።»

«ጋሼ፣ ደረሰኝ ወይም የሎተሪ ትኬት ቢሆን ብላሹን ይሰጡት ነበር?»

«ይሄ ደረሰኝ አይደለም።»

አስረው ሰጡት። አንበሳውን ግን አልገለበጥኩም፤ በዚህ ጋሼም አላስገደዱኝም።

ከወራት በኋላ ፒያሳ አንድ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ገባሁ። መስታወቱ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ «የኅትመት ስህተት፤ እጅግ ብርቅ» ተብሎ የእኔ አንበሳ ተቀምጧል። ከፊቱ ደግሞ አንድ ወጣት ገንዘብ እየቆጠረ ነው።

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሉፔን፣ ማጉያ መነጽሬን፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ወንድሜ፣ ከመክፈልህ በፊት ጠርዙን እየው። የቴምብር ቀዳዳ ክብ ነው፤ ወረቀቱ ተበስቶ ይወድቃል። ይሄ ግን ስንጥቅ ነው፤ በፔርፎሬሽን ቢላ የተመታ ነው። አሁን ደግሞ ከአንበሳው ሥር እየው። ሌላ አንበሳ ይታይሃል? ሳሳ ያለ፣ ትንሽ ወደ ግራ?»

«አዎ።»

«ሦስተኛም አለ፣ ከጆሮው በላይ። አንድ ወረቀት በስህተት ሦስት ጊዜ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ለማስተካከያ የተመላለሰ ነው። የአገር ስምና ዋጋስ የታለ? ፖስታ ቤትን አይቶት አያውቅም።»

ባለሱቁ ጮኸብኝ። «አንቺ ማን ነሽ? እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?»

«ያተምኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ጸጥ አለ።

ወጣቱ ግን ሉፑን ከዓይኑ አላነሳም። ሦስቱን አንበሶች ደጋግሞ አያቸው። ከዚያ ዋጋ አስቀንሶ ገዛው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ደስ አለኝ፤ አሁን ደግሞ ታሪኩን አውቄዋለሁ» አለኝ። ምን ልበለው? በብርቅ ዋጋ አልገዛውም፤ ምን እንደሆነ አውቆ ነው የወሰደው። ሻጩ ከመጀመሪያው «የማሽን ማስተካከያ» ብሎ ጽፎበት ቢሆን ኖሮ እኔም ጠብ አልነበረኝም። የማስተካከያ ወረቀት ራሱን በስሙ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ነውር የለውም።

ማተሚያ ቤት ስመለስ ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙም አልተገረሙም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴምብር፣ ኩፖን ወይም መግቢያ ካርድ ሲታተም የማስተካከያውን ክምር ማሽኑን ከማጠቤ በፊት ወደ መቁረጫው ወስጄ በመስቀልኛ እቆርጠዋለሁ። አንድ ቀን ጋሼ አዩኝና ተቆጡ፤ ብላሹን ለወረቀት ገዢዎች እንደምንሸጥ አስታወሱኝ።

«ጋሼ፣ የሚገዙት በኪሎ ነው» አልኳቸው። «ተቆረጠም አልተቆረጠም ሚዛኑ ያው ነው።»

ትንሽ አሰቡና የመቁረጫው ቢላ እንዲሳል ለሰኞ ሰው ጠሩ።