የካናዳው ክሎን እና የእማዬ የጥብስ ቅጠል

ካናዳ ውስጥ ካናቢስ (ጋንጃ የምንለው) ለአዋቂዎች ሕጋዊ የሆነው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ነው። እኔ የምሠራበት ግሪንሃውስም ከመንግሥት ፈቃድ አውጥቶ ነው የሚያመርተው። ይህን አስቀድሜ የምለው ወዳጆቼ እንዳትደነግጡ ነው። ሀገር ቤት ግን ክልክል ነው፣ ዘሩንም ቅጠሉንም ይዞ መግባት አይታሰብም። እኔ ይዤ የምገባው ሙያውን ብቻ ነው።

ደሴ ላለችው እናቴ «አትክልት ቦታ ነው የምሠራው» ብያት ነበር። ውሸት አይደለም መቼም። ኋላ ላይ አንድ የሰፈር ልጅ ዘርዝሮ ነገራት። ደወለችልኝና «ልጄ፣ ለመሆኑ ሐላል ነው?» አለችኝ። «ሕጋዊ ነው» አልኳት። «እሱን አልጠየቅኩህም» አለች። ጨዋታው እዚያው ላይ ቆመ፣ እስከ ዛሬም አልተነሣም።

ሥራዬ ክሎን ክፍል ውስጥ ነው። ክሎን ማለት ከእናቲቱ ተክል ላይ የተቆረጠች ቅርንጫፍ ናት። ስትቆረጥ ስር የላትም። እርጥበት በሞላው አየር ውስጥ፣ ላስቲክ ክዳን ተደፍቶባት ትቆያለች። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስር ታወጣለች። ነጩ ስር ከኩቡ፣ ማለትም ከተሰካችበት ትንሽ የማብቀያ ቁራጭ፣ ጎን ብቅ ሲል ወደ አፈር ትዛወራለች። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። ጠዋት ቀጥ ብላ የተተከለችው ከሰዓት አንገቷን ደፍታ ትገኛለች።

አዲስ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ወደ ውኃው ነው የሚሮጠው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውኃ ማነስ አይደለም። ተክሏ ስትዛወር ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ስሮች ይጎዳሉ። ቅጠሉ ደግሞ ከእርጥቡ ክዳን ወጥቶ ደረቅ አየር አግኝቶታል፣ ውኃው በላይ በኩል ይተናል። ወጪው ከገቢው በለጠ ማለት ነው። በዚህ ላይ አፈሩን ካጨቀየኸው አየር ያጣል፣ የተረፉትም ስሮች ታፍነው ይበሰብሳሉ።

እኛ መጀመሪያ የምናደርገው ፖቱን ብድግ አድርጎ መመዘን ነው። ሚዛን አያስፈልግም፣ እጅ ይበቃል። ከከበደ ውኃ አለው፣ አትንካው። ከቀለለ ጠምቶታል። ቅጠሉንም ዳሰስ ማድረግ ነው። የጠማው ቅጠል ስስ ሆኖ ይልመሰመሳል፣ ውኃ የበዛበት ግን ወፈር እንዳለ ወደ ታች ይጎብጣል። አንዲት አሳሳች ነገር አለች። ዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ስሩ ያለበት ኩብ ብቻ ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ግንዱ ሥር ትንሽ ውኃ ቀስ አድርጎ ጠብ ማድረግ ነው እንጂ ፖቱን ሙሉ ማጥለቅለቅ አይደለም።

ከዚያ ክዳኑን መመለስ፣ ብርሃኑን ቀነስ ማድረግ፣ ሙቀቱን ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መያዝ ነው። ማዳበሪያ ጭራሽ አይሰጥም፣ የተጎዳ ስርን ያቃጥላል። ስትቃና ክዳኑን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየከፈቱ ማለማመድ ነው። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ቢሆን አይግረማችሁ። ጫፏ ላይ አዲስ ቅጠል ካወጣች ጸድቃለች።

(ስደተኛና ችግኝን የሚያመሳስል ጽሑፍ ብዙ አንብቤያለሁ። እዚያ ውስጥ አልገባም።)

ባለፈው በጋ ለእረፍት ደሴ ስገባ እማዬ ከጎረቤት የጥብስ ቅጠል ተቀብላ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስር አስወጥታ ጠበቀችኝ። ውኃ ውስጥ የወጣ ስር ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። እሷ ያንን የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ተክላ በረንዳ ላይ ደርድራዋለች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የቀኑ ፀሐይ ይፋጃል፣ ከጦሳ የሚወርደውም ነፋስ ያደርቃል። ችግኞቹ ሁሉ ለሽ ብለዋል። እማዬ ጠዋትም ማታም ታጠጣለች። ጣሳዎቹ ግን አንድም ቀዳዳ የላቸውም! ጎረቤታችን ጭራሽ «ዳፕ ጣል አድርጊበት» ብላ መክራታለች።

ጣሳዎቹን በሚስማር በሳኋቸው። ጎረቤት ቤት ሲሠራ የተረፈ አሸዋ ለምኜ አፈሩ ውስጥ ቀላቀልኩበት። ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጬ በየችግኙ ላይ ደፋሁ፣ አየር እንዲገባም ክዳኑን አወለቅኩ። ከፀሐዩም ወደ ጥላ አዛወርኳቸው። እማዬ ቡናዋን እየቆላች ታየኛለች። «ውኃ ከልክለህ ልትገድልልኝ ነው?» አለች። «አብሽሪ» አልኳት።

የጥብስ ቅጠል በአንድ ነገር ከካናቢሱ ይለያል። እርጥብ አየር ከቆየበት ይሻግታል። ስለዚህ ሃይላንዱን ቶሎ ቶሎ አነሳለት ነበር። ግንዳቸው ከሥር የጠቆረው አልተረፉም፣ የቀሩት ግን ጸደቁ። እማዬም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የተማረው ነው» እያለች ታሳያለች። ምን እንደተማርኩ አትናገርም።

አሁን ችግኝ በደፋ ቁጥር በኢሞ ቪዲዮ ትልክልኛለች። በቀደምም ላከች። «ጣሳውን ብድግ አድርገሽዋል?» አልኳት። «ይከብዳል» አለች። «እንግዲያው ተዪው፣ እንዳታጠጪው» አልኳት። «እሺ የኔ ዓለም፣ አልነካውም» አለች። እህቴ ከኋላ ሆና «ትናንት ማታ በኩባያ አጠጥታዋለች!» ብላ ጮኸች።